በፌሮ ስለ ተጠናከረ የብሎኬት ግድግዳ ማስሊያ ሠንጠረዦች

በብሎኬቱ ቀዳዳ ፌሮ ቆሞ ክፍተቱ በቀጭን ኮንክሪት ሲሞላ፥ ግድግዳው ከላይ የሚጫነውንና ከጐን የሚገፋውን ኃይል ባንድነት ይሸከማል። የግድግዳውን አቅም በእጅ ማስላት አድካሚ ስለ ሆነ መሐንዲሶች የተሰናዱ ሠንጠረዦችን ይጠቀማሉ። ከነዚህም አንዱ የአሜሪካ ብሔራዊ የኮንክሪት ግንበኝነት ማኅበር ያወጣው ቴክ 14-19 ነው። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ2022 ከሌላ ማኅበር ጋር ተዋሕዶ ስሙን ስለ ለወጠ፥ ፈላጊው በቁጥሩ ቢፈልግ ይቀለዋል።

ሆኖም ሠንጠረዡን ማግኘት ብቻ አይበቃም፤ በየትኛው ደንብ እንደ ተሠራ መመርመር ይገባናል። በቀድሞው የአሜሪካ ደንብ፥ አቅሙ በካሬ ኢንች 60,000 ፓውንድ ለሆነ ፌሮ የተፈቀደው ውጥረት 24,000 ነበር፤ ነፋስ ወይም የመሬት መንቀጥቀጥ ሲታሰብ በሲሶ ከፍ ብሎ 32,000 ይደርሳል። እ.ኤ.አ. የ2011 ደንብ ግን ሲሶውን ሰርዞ የተፈቀደውን ራሱን 32,000 አደረገው። እንግዲህ አዲሱን ሠንጠረዥ ይዞ በአሮጌው ልማድ ሲሶ የሚጨምር ሰው አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ቈጠረ ማለት ነው። ፌሮው ከአቅሙ 71 በመቶ ያህል ይጫንበታል፤ ስሕተቱም የሚገለጠው በወረቀት ላይ ሳይሆን ምድር ስትናወጥ ነው።

ለኛ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። በአሜሪካ ባለ 8 ኢንች የሚባለው ብሎኬት ውፍረቱ በእውነት 194 ሚሊ ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ደንብም የአውሮፓን ስለሚከተል የደኅንነት አቈጣጠሩ ይለያል፤ የሁለቱን ቁጥሮች ማደባለቅ አይገባም።

ስለዚህ በስሌቱ ወረቀት ራስ ላይ የደንቡን ዓመት፥ የተፈቀደውን ውጥረትና የብሎኬቱን ውፍረት እንመዝግብ፤ ከሠንጠረዡም አንዱን መስመር በእጃችን እናስላ። ውጤቱ ከገጠመ ሠንጠረዡ ረዳታችን ነው፤ ካልገጠመ ምክንያቱን ሳናውቅ አንጠቀምበት።