ራስ ምታት የሌለው ማይግሬን

ማይግሬን ሲባል ብዙዎች የሚያስቡት ግማሽ ራስን ቀስፎ የሚይዘውን ከባድ ሕመም ቢሆንም፣ ራስ ምታት ሳይኖር «ኦራ» የተባለው ጊዜያዊ የነርቭ ሥርዓት መዛባት ብቻ ተከስቶ የሚያልፍበት ጊዜም አለ። ኦራ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በእይታ ላይ ነው፤ በሚነበበው ገጽ ላይ ጥቂት ፊደላት ይሰወሩና ቦታው ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ በተሰባበረ፣ በሚብለጨለጭ ቅስት ተከቦ ቀስ በቀስ ወደ ዳር ይሰፋል። እንግሊዛዊው ሐኪም ሁበርት ኤሪ በራሱ ላይ ያየውን ይህን ቅስት፣ እድገቱን ደረጃ በደረጃ ስሎ እ.ኤ.አ. በ1870 አሳትሞታል። ብልጭታው ዓይን ሲጨፈንም አይጠፋም፤ መነሻው ዓይን ሳይሆን፣ በአንጎል ቅርፊት ላይ በደቂቃ 3 ሚሊ ሜትር ያህል እየተጓዘ የነርቭ ሕዋሳትን ሥራ ለጊዜው የሚገታ ሞገድ እንደሆነ ይታመናልና። በአንዳንዶች ላይ ከጣት ጫፍ ተነሥቶ ወደ ክንድ፣ ከዚያም ወደ ከንፈርና ምላስ የሚዘልቅ መደንዘዝ ወይም ቃላት የማጣት ችግር ይከተላል።

እያንዳንዱ ምልክት ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 60 ደቂቃ ይቆያል። ከሁሉም በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ቀስ ብሎ የመስፋፋት ጠባይ ነው፤ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ሲቋረጥ የሚከሰተው ስትሮክ ግን በአብዛኛው በድንገት፣ በአንድ ጊዜ ይመታል። ስለዚህ ምልክቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበት፣ በተለይም ዕድሜው ከ40 ያለፈ፣ ወይም አንድ ጎኑ የዛለ ሰው ሳይዘገይ መመርመር አለበት።