እረኛው ልጅ ከሮቦት ትምህርት እንዳይቀር

በደብረ ብርሃን ዙሪያ ውርጭ የገብሱንና የባቄላውን ማሳ በአንድ ሌሊት እንደሚያቃጥል ለገበሬ ማህበር መሪዎች መንገር አያሻም። ይሁንና የሌሊቱን ቅዝቃዜ እየለካ፣ ውርጭ ሲቃረብ ደወል የሚደውል መሣሪያ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሊሠራው ይችላል። ደወሉን የሰማ ገበሬ ቢያንስ የችግኝ መደቡን ለመሸፈን ይደርሳል። የሮቦት ትምህርት መሠረቱ ይኸው ነው፤ መለኪያው ይለካል፣ ትንሿ ኮምፒዩተር በተሰጣት ትእዛዝ ትወስናለች፣ ደወሉ ወይም ሞተሩ ይሠራል።

በአገራችን መሐንዲሶችና መምህራን ይህንኑ ለተማሪዎች በማስተማር ላይ ይገኛሉ። በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባን የጎበኘችውን ሶፊያ የተባለች ሮቦት በመሥራት የተካፈለው አይኮግ ላብስ ልጆችን ያሠለጥናል። በቢሾፍቱ ፎቃ የተጀመረው ዓይነት የሳይንስ ማዕከልም ዛሬ በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ተቋቁሟል።

ችግሩ ሥልጠናው ብዙ ጊዜ በክረምት ዕረፍት መሰጠቱ ነው። በዚያን ጊዜ የከተማው ልጅ ሲማር፣ የገበሬው ልጅ በአረምና በከብት ጥበቃ ተይዞ ይቀራል። ስለዚህ የማህበር መሪዎች የምዝገባውን ጊዜ ከርእሰ መምህሩ አስቀድመው ሊጠይቁ፣ እረኝነቱም በጎረቤታሞች መካከል በተራ እንዲሆን ሊያስማሙ፣ ሴቶች ልጆችም እንዲላኩ ሊመክሩ ይገባል። የውርጩን ጉዳት ከማንም ይበልጥ የሚያውቀው የገበሬው ልጅ ነውና።