የታመመ ውሻ ደም በአጉሊ መነጽር

ውሻ መብል ሲተው፣ ሲያተኩሰውና ድዱ ሲነጣ ባለቤቱ ጆሮው ላይ መዥገር ካየ «የመዥገር በሽታ ነው» ይላል። አልተሳሳተም፤ ነገር ግን የትኛው? ቡናማው የውሻ መዥገር ብቻውን ባቤዝያን፣ ኤርሊኪያንና ሄፓቶዞንን ያስተላልፋል። የአንዱ መድኃኒት ሌላውን ሁልጊዜ አያድንም። ስለዚህ ባልንጀሮቻችን ከመርፌው በፊት ደሙን እንዲያዩ እናሳስባለን።

ሥራው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የጆሮውን ጫፍ ላጭተን በአልኮል እንጠርጋለን፤ ሲደርቅ በመርፌ ወግተን አንዲት ጠብታ በስላይድ ላይ እንወስዳለን። ከጆሮ ጫፍ መውሰዳችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ ባቤዝያ የያዛቸው ቀይ የደም ሴሎች በቀጫጭን ሥሮች ውስጥ ይከማቻሉና። ጠብታዋን በሌላ ስላይድ ጠርዝ በስሱ ስበን እናደርቃለን፤ ጥቂት ደቂቃ በሜታኖል፣ ከዚያም ግማሽ ሰዓት ያህል በጊምሳ ቀለም እናቆያታለን።

ባቤዝያ የሚገኘው በቀይ ሴሎች ውስጥ ነው። ትልቁ ዓይነት የእንባ ጠብታ ይመስላል፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሁለት ሆኖ በሹል ጫፉ ተገናኝቶ ይታያል። ጀማሪ ግን የቀለም ዝቃጭ አይቶ «አገኘሁ!» ማለቱ አይቀርም። መለያው ቀላል ነው፤ የማጥሪያውን ቁልፍ ቀስ ብሎ ማዞር። ዝቃጩ ከሴሉ በላይ ስለ ተቀመጠ ሴሉ ሲጠራ እርሱ ይደበዝዛል።

ኤርሊኪያ ከዚህ ይከፋል። ዶናስየንና ሌስቶካር እ.ኤ.አ. በ1935 በአልጄርያ ውሾች ላይ የገለጡት ይህ ተውሳክ በትክክለኛ አነጋገር ባክቴሪያ ነው። ሞኖሳይት በሚባለው ነጭ ሴል ውስጥ እንደ እንጆሪ ፍሬ ተከማችቶ ይኖራል፤ ነገር ግን በስላይድ ላይ የሚገኘው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። በቬትናም ጦርነት ጊዜ በመቶ የሚቆጠሩ የአሜሪካ ጦር ውሾች በዚሁ በሽታ አለቁ፤ ብዙዎቹም አፍንጫቸው ይደማ ነበር። እንግዲህ ስላይዱ ባዶ ቢሆንም ውሻው ነጻ ነው አንልም። ደም የሚያረጉት ፕላትሌቶች ይቈጠሩ፤ አቅም ያለው ላቦራቶሪ ከተገኘም የፀረ አካል ወይም የፒ ሲ አር ምርመራ ይደረግ።

ሄፓቶዞንን ውሻው የሚያገኘው በመነከስ ሳይሆን መዥገሩን በመዋጥ ነው፤ ከገላው እየነቀለ የሚበላ ውሻ ያየ ሁሉ ነገሩ ይገባዋል። በነጭ ሴል ውስጥ እንደ ሞላላ እንክብል ሆኖ ይታያል።

ለትልቁ ባቤዝያ ኢሚዶካርብ ይወጋል፤ ለኤርሊኪያ ዶክሲሳይክሊን ለአራት ሳምንት ያህል ይሰጣል። አንድ ውሻ ሁለቱንም በአንድነት ሊይዝ ስለሚችል፣ ባቤዝያ ተገኘ ብለን ስላይዱን አናነሣም፤ ነጮቹን ሴሎችም አንድ በአንድ እናያለን።