ሁለት ደቂቃና አንድ ነፍስ፤ በተጨናነቀ ጐዳና በመኪኖች መካከል ሞተር ብስክሌት ስለ መንዳት

(በሬዲዮ ከተሰጠው ንግግር የተወሰደ)



ጧት ወደ ሥራ በምትሄዱበት ሰዓት፥ በመገናኛ ወይም በሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ መኪናው ሁሉ ቆሞ ሰዓቱ ብቻ ሲሄድ ያላያችሁ የምትገኙ አይመስለኝም። የቢሮው መግቢያ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ የታክሲው ጎማ ግን አንድ ጊዜ ዞሮ ሁለት ጊዜ ይቆማል። በዚህ ጊዜ ከኋላ አንድ ባለሞተር ብስክሌት ይመጣና በሁለቱ ረድፍ መኪኖች መካከል ባለችው ጠባብ ክፍተት ሹልክ ብሎ ያልፋል። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ፤ «ምነው እኔም ሞተር በኖረኝ» ሲል ይመኛል፤ ሁለተኛው ደግሞ፤ «ይህ ልጅ አንድ ቀን መንገድ ላይ ይቀራል» ብሎ ያዝናል። ሁለቱም አልተሳሳቱም። ይህ አነዳድ ጊዜን በእውነት ያተርፋል፤ ሰውንም በእውነት ይገድላል።

እንግዲህ በዛሬው ንግግራችን የምንመለከተው፥ ትርፉን ይዞ ጉዳቱን ለመቀነስ የሚቻለው በምን እንደ ሆነ ነው። መልሱን አስቀድመን በአጭሩ ለመናገር፥ ነገሩ ያለው በነጂው ብልኀት ወይም በሞተሩ ጉልበት ሳይሆን፥ በባለሞተሩና በዙሪያው ባሉት መኪኖች ፍጥነት መካከል ባለው ልዩነት ነው። ልዩነቱ ያነሰ እንደ ሆነ አደጋው ያንሳል፤ ልዩነቱ የበዛ እንደ ሆነ ግን ብልኀትም ጉልበትም አያድንም።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ አለ። በመኪኖች መካከል ማለፍ በየአገሩ በአንድ ዐይን የሚታይ ነገር አይደለም፤ የሚፈቅድ አለ፤ የሚከለክልም አለ። ስለዚህ የአገሩ ሕግ፥ የትራፊክ ፖሊስ ትእዛዝና በአስፋልቱ ላይ የተቀባው ምልክት፥ እዚህ ከምንሰጠው ምክር ሁሉ ይቀድማል። ከፈቀዱት አገሮች ግን የምንማረው ብዙ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከጁላይ 1 ቀን 2014 ዓ. ም. ጀምሮ በአውስትራልያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት ይህን አነዳድ ሲፈቅድ፥ ባለሞተሩ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይሄድ ወስኗል። በአሜሪካ የዩታ ግዛት ደግሞ በ2019 ዓ. ም. ያወጣው ሕግ፥ መኪኖቹ ፈጽመው በቆሙበት ቦታ ብቻ፥ ያውም ባለሞተሩ ከ24 ኪሎ ሜትር ሳያልፍ እንዲሄድ ያዛል። እነዚህ ሕግ አውጪዎች በልዩ ልዩ አገር ተቀምጠው ወደ አንድ ሐሳብ የደረሱት በአጋጣሚ አይደለም፤ ሁለቱም ፈቃዱን ከዝግታ ጋር አስረውታል።

ምክንያቱን ለመረዳት በካሊፎርኒያ የተደረገውን ጥናት እንመልከት። ይህ ግዛት ከጃንዩዌሪ 1 ቀን 2017 ዓ. ም. ጀምሮ ልማዱን በሕግ ያወቀው ሲሆን፥ ከዚያ በፊት በ2015 ዓ. ም. በበርክሌይ የሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አደጋ የደረሰባቸውን ወደ 6000 የሚጠጉ ባለሞተሮች መዝገብ መርምረው ነበር። ከነዚህ ውስጥ 997ቱ አደጋው ያገኛቸው በመኪኖች መካከል ሲያልፉ ነው። ከ997ቱ ውስጥ የሞቱት ከመቶ 1.2 ሲሆኑ፥ ከሌሎቹ ግን ከመቶ 3 ነበሩ። ይህን የሰማ ሰው፤ «እንኪያስ በመካከል ማለፍ ከሞት ያድናል» ብሎ ቢደመድም ይሳሳታል። እነዚህ ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ በሥራ ቀንና በሥራ ሰዓት የሚመላለሱ፥ መጠጥ ቀምሰው የሚነዱት ጥቂት የሆኑ፥ ፊትን ጭምር የሚሸፍን የራስ ቁር የሚያዘወትሩ ሆነው ተገኝተዋልና። ያዳናቸው ጠባያቸው እንጂ ክፍተቱ ብቻ ነው ለማለት አይቻልም።

ከጥናቱ ዋናው ትምህርት የሚከተለው ነው። ባለሞተሩ በዙሪያው ካሉት መኪኖች ፍጥነት በሰዓት ከ24 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ ልዩነት ሲያልፍ፥ ጉዳቱ ጎልቶ አልጨመረም፤ ልዩነቱ ከዚያ በላይ ሲወጣ ግን የጭንቅላቱም የሰውነቱም ጉዳት እየበዛ ሄዷል። ደግሞም በመካከል ሲያልፉ ከተጋጩት ውስጥ ከመቶ 38ቱ ከፊታቸው ያለውን ተሽከርካሪ ከኋላ የመቱ ሲሆኑ፥ ከሌሎቹ ይህን ያደረጉት ከመቶ 16ቱ ብቻ ናቸው። ይህም ማለት፥ በመካከል የሚያልፈው ሰው ዋና ጠላቱ ከኋላ የሚመጣው መኪና ሳይሆን፥ በጊዜው ለመቆም አለመቻሉ ነው።

አሁን ነገሩን በራሳችን ጐዳና ላይ እናስላው። መኪኖቹ ቆመዋል እንበል። ባለሞተሩ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ከሆነ፥ በአንዲት ሴኮንድ 14 ሜትር ይጓዛል። ሰው አደጋን አይቶ እጁ ፍሬኑን እስኪጨብጥ ድረስ ቢያንስ አንድ ሴኮንድ ያህል ያልፋል። ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ፥ አስፋልቱ ደረቅ ቢሆን እንኳ፥ ሞተሩ ፈጽሞ እስኪቆም 16 ሜትር ያህል ይጨምራል። ድምሩ 30 ሜትር ነው፤ ይኸውም ተከታትለው የቆሙ የስድስት መኪኖች ርዝመት መሆኑ ነው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ግን ከመጨበጡ በፊት 5 ሜትር ተኩል፥ ከጨበጠ በኋላ 2 ሜትር ተኩል ተጉዞ፥ በ8 ሜትር ውስጥ ይቆማል። የአንድ ሚኒባስ በር ድንገት ቢከፈት፥ ሁለተኛው ሰው በሩ ፊት ቆሞ ይቈጣል፤ የመጀመሪያው ሰው ግን ለመቈጣትም አይደርስ።

ትርፉንስ እናስላው። አንድ ኪሎ ሜትር በተጨናነቀ ጐዳና በእግረኛ ፍጥነት፥ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 12 ደቂቃ ይፈጅበታል። በ20 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ ባለሞተር በ3 ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ ዘጠኝ ደቂቃ አተረፈ። በ50 የሚበርረው ደግሞ በ1 ደቂቃ ከ12 ሴኮንድ ይጨርሰዋል። እንግዲህ ዝግተኛው ባለሞተር አብዛኛውን ትርፍ አስቀድሞ ይዞታል፤ ፈጣኑ በላዩ የሚጨምረው ሁለት ደቂቃ እንኳ የማይሞላ ጊዜ ነው። ለዚህች ሁለት ደቂቃ ሲባል የሚከፈለው ዋጋ ከላይ የተናገርነው 30 ሜትር ነው።

ዝግታው ከተያዘ በኋላ፥ ቦታን ማወቅ ይከተላል። በተጨናነቀ ጐዳና በተለይ አራት ቦታዎች ጥንቃቄ ያሻቸዋል።

መጀመሪያው፥ በአንደኛው ረድፍ ፊት ለፊት ባዶ ቦታ የተከፈተበት ነው። በትዕግሥት ማጣት የተቃጠለ ነጂ ባዶ ቦታ ሲያይ መሪውን ወዲያው ያዞራል፤ ፍሬቻ ለማሳየትም ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ ባዶ ቦታ በታየ ጊዜ ባለሞተሩ ፍጥነቱን መቀነስ እንጂ መጨመር አይገባውም።

ሁለተኛው፥ የአውቶቡስና የከባድ መኪና ጎን ነው። ነጂው ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ከጎኑ ዝቅ ብሎ ያለውን ባለሞተር በስፔኪዮ የማያይበት ብዙ ቦታ አለ። የነጂው ፊት በስፔኪዮው ውስጥ ካልታያችሁ፥ እናንተም ለርሱ እንደማትታዩ ዕወቁ። በሁለት ከባድ መኪኖች መካከል ደግሞ ከቶ አትግቡ፤ ጥቂት ቢጠጋጉ መውጫ የለም።

ሦስተኛው፥ በታክሲና በእግረኛ መንገዱ ጠርዝ መካከል ያለው ክፍተት ነው። የሚኒባስ በር በቀኝ በኩል ስለሚከፈት፥ ተሳፋሪው የሚወርደው በዚያው ነው፤ ሲወርድም ወደ ኋላ አያይም። በመካከል ማለፍ የተፈቀደ እንኳ ቢሆን፥ በዚህ በኩል ማለፍ ሌላ ሰውን መግደል ሊሆን ይችላል።

አራተኛው፥ የቆመ አውቶቡስ ፊት ነው። ማስቲካ የሚሸጠው ልጅም፥ ወደ ማዶ የሚሻገረው ሽማግሌም ብቅ የሚሉት ከአውቶቡሱ አፍንጫ ሥር ነው። የቆመ ረድፍ ሲታይ፥ በመካከሉ ሰው አለ ብሎ ማሰብ ይገባል።

በክረምት ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። በአስፋልት ላይ የተቀባው ነጭ መሥመርና የቦይ ብረት ክዳን ዝናብ ሲነካቸው እንደ ሳሙና ያንሸራትታሉ፤ በመካከል የሚያልፈው ሰው ጎማ የሚሄደውም በዚሁ መሥመር ላይ ነው። በዝናብ ጊዜ ረድፉን ይዞ እንደ ሌላው ተራ መጠበቅ ውርደት አይደለም።

ስለ እጅም አንድ ቃል እንናገር። በዚህ አነዳድ ሁለት ጣት ዘወትር በፊት ፍሬን ላይ ዐርፎ መቈየት አለበት፤ ከማቆሚያው ኃይል አብዛኛውን የሚሰጠው የፊቱ ፍሬን ነውና። ነገር ግን እየጨመሩ መጭመቅ እንጂ በአንድ ጊዜ መንጠቅ አይገባም፤ የተነጠቀ ፍሬን ጎማውን ያስርና ሰውን ይጥላል። ማርሹ ዝቅተኛ፥ መብራቱ በቀንም የበራ ይሁን። ክላክስ ግን መገኘትን ማሳወቂያ እንጂ መንገድ ማስለቀቂያ ትእዛዝ አይደለም።

የራስ ቁርን ነገር ማንም እንደ ትርፍ ዕቃ አይቍጠረው። የዐረቦች ታሪክ የሚያስታውሰው እንግሊዛዊው ቲ. ኢ. ላውረንስ በ1935 ዓ. ም. ከሞተር ብስክሌት ወድቆ በጭንቅላት ጉዳት በሞተ ጊዜ፥ ካከሙት ሐኪሞች አንዱ የነበረው ሂዩ ኬርንስ ነገሩን ሲያጠና ቈይቶ በ1941 ዓ. ም. የራስ ቁርን ጥቅም የሚያስረዳ ጽሑፍ አወጣ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ጥናቶች በ2008 ዓ. ም. ተሰብስበው ሲታዩ፥ የራስ ቁር የመሞትን አደጋ ከመቶ 42፥ የጭንቅላትን ጉዳት ከመቶ 69 ያህል እንደሚቀንስ ታውቋል። ይህ ግን ማሰሪያው አገጭ ሥር ለታሰረ ቁር ነው፤ በክንድ ላይ ለተንጠለጠለው አይደለም። ከኋላ የሚቀመጠውም ሰው እንዲሁ ራስ አለው።

እስካሁን የተናገርነው ለባለሞተሩ ቢሆንም፥ መኪና ለምትነዱና በታክሲ ለምትሳፈሩም ድርሻ አላችሁ። ረድፍ ከመለወጣችሁ በፊት ፍሬቻ አሳዩ፤ ስፔኪዮውን ተመልከቱ፤ ከዚያም አንገታችሁን ዘወር አድርጋችሁ በዐይናችሁ አረጋግጡ። በር ስትከፍቱ ከበሩ በራቀው እጃችሁ ክፈቱ፤ ያን ጊዜ ትከሻችሁ በግድ ስለሚዞር ዐይናችሁ ወደ ኋላ ያያል። ደግሞ ባለሞተር ቀደመኝ ብሎ በንዴት መንገድ ማጥበብ ከጨዋ ሰው የማይጠበቅ ነው። እርሱ የቀደመው ወረፋችሁን አልወሰደባችሁም፤ ረድፉን በአንድ መኪና አሳጠረላችሁ እንጂ።

አባቶቻችን «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ሲሉ የተናገሩት በእህል መስለው ነበር። የፈሰሰ እህል ይለቀማል። በአስፋልት ላይ የፈሰሰ ደም ግን የሚለቀም አይደለም። ነገ ጧት ጐዳናው እንደ ወትሮው ተጨናንቆ ስታገኙት፥ በባለሞተሩ እጅ ያለው ምርጫ ይህ ነው፤ ዘጠኙን ደቂቃ በዝግታ መውሰድ፥ ወይም በላዩ ሁለት ደቂቃ ለመጨመር ነፍሱን ማስያዝ። ሁለት ደቂቃ ዘግይቶ በመዝገቡ ላይ የፈረመ ሠራተኛ አለቃውን ይቅርታ ይጠይቃል፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል። ያልፈረመው ግን ይቅርታ የሚጠይቅለት እንኳ አያገኝም።