ሊረዳም ሊመረምርም የሚመጣ ሰው

በአሜሪካ ስለ አንድ ልጅ አያያዝ ጥቆማ ደርሶት ወደ ቤተሰቡ የሚሄድ የሕፃናት ጥበቃ ሠራተኛ ሁለት ሥራ ይዞ ነው የሚሄደው። አንዱ መርዳት ነው፤ ኪራይ ያቃተው፣ ቀለብ ያጠረው ወይም በሱስ የተያዘ ወላጅ ድጋፍ እንዲያገኝ ማድረግ። ሌላው መመርመር ነው፤ ቤቱን መቃኘት፣ ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ማየት፣ ልጁን ለብቻው ማነጋገር፣ ያየውንና የሰማውን መዝግቦ ካስፈለገ ፍርድ ቤት ማቅረብ። የእኛ ሰዎች በአጭሩ ሲፒኤስ የሚሉት ይህ አገልግሎት ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ ከወቀሳ አላመለጠም። ልጅ ሲሞት «የት ነበራችሁ?» ይባላል፤ ልጅ ያለ በቂ ምክንያት ከእናቱ ሲነጠል «ማን ፈቀደላችሁ?» ይባላል። ሁለቱ ወቀሳዎች ተቃራኒ ቢመስሉም ተመልሰው የሚገናኙበት አንድ ጥያቄ አለ፦ ሠራተኛው በየትኛው ሥልጣን እንደመጣና ቤተሰቡ ምን መብት እንዳለው ገና በሩ ላይ ሳለ የመናገር ግዴታ አለበት ወይ? አለበት ከተባለስ፣ ለኅሊናው ይተው ወይስ በሕግ ይጻፍ? የእኔ መልስ በሕግ ይጻፍ ነው፤ ምክንያቴም የሙያው ሥነ ምግባር ይህን ከጠየቀ ቆይቶ ሳለ የሚያስፈጽመው አለማግኘቱ ነው።

ሥርዓቱ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1874 ኒው ዮርክ ውስጥ በአሳዳጊዋ ትደበደብ የነበረች ልጅ ጉዳይ ፍርድ ቤት ሲደርስ፣ ነገሩን እንዲይዝ የተለመነው የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር መሥራች የነበረው ሄንሪ በርግ ነው፤ ለሕፃናት የቆመ መሥሪያ ቤት አልነበረምና። የዛሬው መልክ የተቀረጸው ግን ከ1962 በኋላ ነው። የኮሎራዶው የሕፃናት ሐኪም ሄንሪ ኬምፕ ከባልደረቦቹ ጋር፣ አጥንታቸው ተሰባብሮ ሐኪም ቤት ስለሚመጡ ሕፃናት ያሳተመው ጽሑፍ አገሩን አስደነገጠ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግዛቶቹ ሁሉ ጥርጣሬን ማመልከት የሚያስገድድ ሕግ አወጡ። በ1974 ኮንግረስ ያወጣው ሕግ ደግሞ ለግዛቶች ገንዘብ እየሰጠ ጥቆማ መቀበልንና መመርመርን፣ ለጠቋሚውም የሕግ ከለላ መስጠትን ቅድመ ሁኔታ አደረገ። ሕግ አውጪው በዓይነ ኅሊናው የሚያየው የተሰበረ አጥንት ነበር። ዛሬ በየዓመቱ ከሚደርሰው ከ4 ሚሊዮን በላይ ጥቆማ ግማሽ ያህሉ ገና ሳይመረመር ይወድቃል፤ ተመርምረው ከተረጋገጡትም ከግማሽ በጣም የሚበልጡት ድብደባ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ሳይሆኑ ቸልተኝነት የሚባሉት ናቸው። ያለ ጠባቂ የቀረ ልጅ፣ የቆሸሸ ቤት፣ የተዘለለ ክትባት፣ መብራት የተቋረጠበት አፓርታማ በዚህ ስም ይመዘገባሉ። በ2017 የታተመ አንድ ጥናት ከአሜሪካ ልጆች 37 በመቶው፣ ከጥቁር ልጆች ደግሞ 53 በመቶው 18 ዓመት ሳይሞላቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ምርመራ እንደሚደርስባቸው ገምቷል። ለአደጋ ጊዜ የተሠራው ሥልጣን የድሆች ሠፈር የዘወትር ገጠመኝ ሆኗል ማለት ነው።

የሙያው ሥነ ምግባር በዚህ ላይ ዝም አላለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያዎች ማኅበር በ1960 ያጸደቀውና በየጊዜው ያሻሻለው የሥነ ምግባር ደንብ፣ ባለሙያው አገልግሎት ሲሰጥ ሰውየው አውቆና ተረድቶ እንዲፈቅድ ይጠይቃል። ሳይወዱ በግድ የባለሙያ እጅ ላይ ለወደቁ ሰዎችም የአገልግሎቱን ምንነትና ስፋት፣ እምቢ የማለት መብታቸውም እስከ ምን ድረስ እንደሆነ እንዲነገራቸው ያዝዛል። የነገሩት ነገር በምስጢር የማይያዝበትን ሁኔታም አስቀድሞ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ይህን ደንብ ያነበበ ሰው ጥያቄው ያለቀለት ሊመስለው ይችላል። አላለቀም፤ በር ከሚያንኳኩት ሠራተኞች ብዙዎቹ በሶሻል ወርክ አልተመረቁም፣ የሙያ ፈቃድም የላቸውም። በብዙ ግዛቶች በማንኛውም ዘርፍ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው አጭር ሥልጠና ወስዶ ሥራውን ይጀምራል። ደንቡ የሚያስረው የማኅበሩን አባላትና ፈቃድ ያላቸውን ባለሙያዎች ነው። ሐኪም ቢያጠፋ ፈቃዱን የሚነጥቅ ቦርድ አለ፤ ፈቃድ የሌለውን የሕፃናት ጥበቃ ሠራተኛ ግን ሥነ ምግባር ስለጣሰ የሚጠይቀው አለቃው ብቻ ነው፤ አለቃውም የመሥሪያ ቤቱን ገጽታ የሚጠብቅ ሰው ነው።

ሕጉስ? ሕጉ ግማሽ መንገድ ሄዷል። በ2003 የ1974ቱ ሕግ ሲሻሻል፣ ሠራተኛው ተጠርጣሪውን መጀመሪያ ሲያገኘው የቀረበበትን ክስ እንዲነግረው፣ ሠራተኞችም የቤተሰብን ሕገ መንግሥታዊ መብት እንዲማሩ ተደንግጓል። ክሱን ንገረው ይላል እንጂ በሩን ላለመክፈት መብት እንዳለው ንገረው አይልም። መብቱ መኖሩ ራሱ አከራካሪ ነበር። በ1971 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዋይማን እና ጄምስ ክርክር፣ የድጎማ ሠራተኛ የሚያደርገው የቤት ጉብኝት ሕገ መንግሥቱ ማዘዣ የሚጠይቅበት ብርበራ አይደለም ብሎ ወሰነ። አንዱ መከራከሪያ ጉብኝቱ ለእርዳታ መሆኑ፣ ሌላው እምቢ ያለች እናት ከድጎማው በቀር የምታጣው የሌለ መሆኑ ነበር። በሲፒኤስ ምርመራ ግን የሚታጣው ልጅ ነው። ዘጠነኛው የይግባኝ ፍርድ ቤት በ1999 በካላብሬታ ጉዳይ ይህን ለይቶ አስቀመጠ፤ አስቸኳይ አደጋ ወይም ፈቃድ ከሌለ፣ የልጅ ጥቃት የሚመረምር ሠራተኛም ቢሆን ያለ ትእዛዝ ቤት ሰብሮ መግባት አይችልም አለ። በተግባር ያለው ሌላ ነው። ፕሮፐብሊካ የተባለው የዜና ድርጅት በ2022 ባወጣው ዘገባ መሠረት በኒው ዮርክ ከተማ በዓመት ከ50,000 በላይ ቤተሰቦች ቤታቸው ሲፈተሽ፣ ለመግባት የተገኘው የፍርድ ቤት ትእዛዝ በአማካይ 100 እንኳ አይሞላም። የቀረው ሁሉ «ፈቃድ» ነው። እምቢ ማለት እንደሚችል ያልተነገረው፣ እምቢ ቢልም ልጄን ይወስዱብኛል ብሎ የሚፈራ ሰው የሰጠውን ፈቃድ ፈቃድ ማለት ያስቸግራል።

ትልቁ ተቃውሞ የልጁ ደኅንነት ነው፤ ችላ የሚባልም አይደለም። በአሜሪካ በየዓመቱ ከ1,500 የማያንሱ ልጆች በጥቃትና በቸልተኝነት ይሞታሉ፤ ብዙዎቹ ገና ጨቅላዎች ናቸው። ጨካኙ አባት መብቱ ከተነገረው በሩን ይዘጋል፣ ማስረጃውን ያጠፋል፣ ልጁን ያስፈራራል የሚለው ስጋት እውነት አለው። ሆኖም ሕጉ ለዚህ የተወው ቦታ አለ፤ ልጁ አሁኑኑ አደጋ ላይ ነው ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት ያለው ሠራተኛ ወይም ፖሊስ ትእዛዝ ሳይጠብቅ ይገባል። ከዚህም በላይ፣ ልጆች ያለቁባቸውን ወይም ክፉኛ የተጎዱባቸውን ጉዳዮች ስንመረምር ሠራተኛው በር ተዘግቶበት የቀረባቸው ናቸው ወይ ብለን እንጠይቅ። ሁሉም የሚጠቅሰው የዊስኮንሲኑ የዴሼኒ ጉዳይ ነው። ሠራተኛዋ ለወራት ወደ ቤቱ ተመላልሳለች፤ በልጁ ላይ የምታየውን ጉዳት በጥንቃቄ ትመዘግብ ነበር። በመጨረሻዎቹ ጉብኝቶች ልጁ ታሟልና አታዪውም ስትባል ተመለሰች። በ1984 የአራት ዓመቱን ልጅ አባቱ ደብድቦ አንጎሉን ለዘለቄታው ጎዳው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1989 ሕገ መንግሥቱ መንግሥት ልጁን ከአባቱ የመጠበቅ ግዴታ አልጣለበትም ብሎ መሥሪያ ቤቱን ነጻ አወጣው። እዚያ የጎደለው የመግባት ሥልጣን አልነበረም፤ የተከማቸውን ማስረጃ ይዞ ዳኛ ፊት መቆም ነው። መብትን መንገር ማስረጃን በአግባቡ መሰብሰብን ያስገድዳል፤ በዚህ በኩል ለልጁም ይጠቅማል። ይህን ካልኩ በኋላ፣ መብቱን አውቆ በሩን የዘጋና በኋላ ልጁን የጎዳ ወላጅ ፈጽሞ አይኖርም ማለት አልችልም። ይህ የሚከፈል ዋጋ ነው። ዋጋውን ዛሬም እየከፈልነው ነው፤ ገንዘብና ጠበቃ ያለው ወላጅ መብቱን አስቀድሞ ያውቀዋልና። ዝምታው የሚሠራው በማያውቀው ድሃና ስደተኛ ላይ ብቻ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከሙያው ውስጥ ይመጣል፦ «እኛ ፖሊስ አይደለንም፤ በሩ ላይ መብት እያነበብን መተማመን አይገነባም»። ደጋግ ሠራተኞች ከልባቸው ይህን ሲሉ ይሰማል። ነገር ግን ወላጆች የሚነግሯቸው ሁሉ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ ከመዝገቡም ፍርድ ቤት ይገባል። በ1997 በወጣው የፌዴራል ሕግ ደግሞ ልጁ ካለፉት 22 ወራት 15ቱን ከወላጁ ተነጥሎ በመንግሥት አደራ (በፎስተር ኬር) ካሳለፈ፣ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልኖሩ በቀር ግዛቱ የወላጅነት መብት እንዲቋረጥ መጠየቅ አለበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1981 በላሲተር ጉዳይ እንደወሰነው፣ ይህን ያህል በሚያሳጣ ክርክር እንኳ የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ለእያንዳንዱ ድሃ ወላጅ ጠበቃ አያረጋግጥም፤ ጠበቃ የሚያቆሙት የየግዛቱ ሕጎች ናቸው፣ እነሱም ብዙውን ጊዜ ክስ ከተመሠረተ በኋላ ነው የሚደርሱት። እንዲህ ያለ ነገር የተንጠለጠለበትን የመጀመሪያ ጉብኝት የወዳጅ ጉብኝት አስመስሎ ማቅረብ መተማመን አይገነባም፤ ሲታወቅ ያፈርሰዋል እንጂ። በካሊፎርኒያ ኦሬንጅ ካውንቲ ሠራተኞች ልጆችን ለማስወሰድ በሐሰት መስክረዋል ተብሎ በተነሣ ክርክር፣ የካውንቲው ጠበቆች ይህን የሚከለክል ግልጽ የሆነ ሕገ መንግሥታዊ መርሕ በጊዜው አልነበረም እስከማለት ደርሰዋል። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2017 አልተቀበላቸውም። መሥሪያ ቤት በፍርድ ቤት አልዋሽም ማለትን እንኳ ለክርክር ካቀረበ፣ በር ላይ ያለውን ሐቀኝነት ለኅሊና ትተን መተኛት አንችልም።

ሌላው የሚነሣው ተቃውሞ የሥራ ጫና ነው፤ ጫናው እውነት ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ደኅንነት ሊግ ለአንድ መርማሪ በወር ከ12 ጉዳይ በላይ እንዳይሰጠው ይመክራል፤ ብዙ ቦታ ግን ከዚያ ያልፋል፣ ሠራተኛውም ሳይከርም ይለቃል። መብትን መናገር ግን ጥቂት ደቂቃ ነው የሚወስደው፤ ጊዜ የሚበላው ያልተገባ ምርመራ ነው።

ጉዳዩ በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲያትል ወይም በሚኒያፖሊስ ለሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ ሲደርስ ይከብዳል። አገር ቤት በልጅ ምክንያት የተነሣ ጠብ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ዘመድ፣ ወደ ነፍስ አባት ወይም ወደ ሽማግሌ ነው፤ ሽማግሌ ፊት ደግሞ ሁሉን ዘርግፎ መናገር ነው ወጉ። ከበር ላይ ሰውን መመለስም ነውር ነው። በዚህ ልማድ ያደገች እናት ለሠራተኛው ቡና አቅርባ «አዎ፣ አንዴ በቀበቶ መትቼዋለሁ» ብትል እየታረቀች ነው የሚመስላት፤ ለሠራተኛው ግን የእምነት ቃል ነው። (በነገራችን ላይ «አሜሪካ ልጅ መንካት አይቻልም» የሚባለው በሕግ ትክክል አይደለም፤ የወላጅ «ተመጣጣኝ» ቅጣት በ50ውም ግዛቶች አልተከለከለም። በቀበቶ መምታትና ምልክት መተው ግን በቀላሉ ከዚህ ወሰን ያስወጣል።) የሥነ ምግባር ደንቡ ቋንቋ ለቸገረው ሰው በተቻለ መጠን ብቁ አስተርጓሚ እንዲቀርብ ይጠይቃል። በዋሽንግተን ዲሲ በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግም የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ ዋና ዋና ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎችም አንዱ አማርኛ ነው። ጉዳዩ የሚመረመረውን ልጅ ራሱን ለእናቱ አስተርጓሚ ማድረግ ግን ሕግ ቢኖርም ባይኖርም ከሙያ ውጭ ነው፤ ልጁ እውነቱን የሚናገርበትንም እናቱ ራሷን የምትከላከልበትንም ዕድል በአንድ ጊዜ ይነጥቃል።

በሕግ መጻፉ የሚቻል መሆኑን ቴክሳስ አሳይታለች። ከመስከረም 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕጓ መርማሪው ገና ሲደርስ ለወላጁ በቃልም በጽሑፍም መንገር ያለበት አለ፦ ያለ ጠበቃ አለመናገር፣ ጠበቃ በሌለበት ቤት አለማስገባት፣ የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራን እምቢ ማለት፣ ንግግሩን መቅረጽ እንደሚችል። ቴክሳስ ለዘብተኛ ግዛት ተብላ የምትታማ አይደለችም። ተመሳሳይ ረቂቅ በኒው ዮርክ ለበርካታ ዓመታት ሲንከባለል ቆይቷል። ሕጉ በሌለበት ግዛት የምትኖሩ ወላጆች ሠራተኛ በር ላይ ሲመጣ በትሕትና ጠይቁ፤ የቀረበብኝ ክስ ምንድን ነው? የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዘሃል? የአማርኛ አስተርጓሚ ጥራልኝ። የመጀመሪያውን ጥያቄ እንዲመልስ የፌዴራሉ ሕግ ያስገድደዋል። ልጃችሁን ግን አታስተርጉሙት።