ኦክስጅን ሴንሰሩን ከመንቀልዎ በፊት

«ቼክ ኢንጂን በራ፤ ኮዱ ኦክስጅን ሴንሰር ነው አለ፤ ቀይረው!» ይህ ምክር ከጋራዥ ወጥቶ በየሰፈሩ እየዞረ የብዙ ሰው ገንዘብ በልቷል። ለምሳሌ ፒ0171 የሚባለው ኮድ የሚናገረው የአየርና የቤንዚን ድብልቁ ቤንዚን እንዳነሰው ብቻ ነው፤ ሴንሰሩ ተበላሽቷል አላለም።

ነገሩ የሚገባን አሠራሩን ስናውቅ ነው። በሴንሰሩ የተበሳሳ የብረት ቆብ ውስጥ ዚርኮኒያ የተባለ ሴራሚክ አለ፤ ቅርጹ ጫፉ የተደፈነ ቱቦ ነው፤ ውስጡም ውጭውም በስስ ፕላቲነም ተለብጧል። አንዱን ገጽ ጭሱ፣ ሌላውን ንጹህ አየር ያገኘዋል። ሴራሚኩ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ የኦክስጅን አዮን ያሳልፋል። ኦክስጅን ከበዛበት ወዳነሰበት ለመሻገር ሲገፋ በሁለቱ ገጾች መካከል ቮልቴጅ ይፈጠራል። ፕላቲነሙ ደግሞ የተረፈውን ነዳጅና ኦክስጅን እዚያው ገጹ ላይ ያቃጥላቸዋል። ስለዚህ ነዳጅ ትንሽ እንኳ ካመዘነ ኦክስጅኑ ከሞላ ጎደል ያልቅና ቮልቴጁ ወደ 0.9 ይዘላል፤ አየር ካመዘነ ወደ 0.1 ይወርዳል። መገልበጫው ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር ከሚለው ልክ ላይ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ፦ ሴንሰሩ የሚያየው ኦክስጅንን እንጂ ቤንዚንን አይደለም። ካንዴላ እሳት ካልሰጠ ያልተቃጠለው ኦክስጅን ከነቤንዚኑ ይወጣል፤ ሴንሰሩ «አየር በዝቷል» ይላል፤ ኮምፒውተሩም ሌላ ቤንዚን ይጨምራል። ከሴንሰሩ በፊት ያለው የጭስ ማውጫ ቱቦ ቢሰነጠቅም እንዲሁ ያሳስታል። አዲስ ሴንሰር ቢገባ ያንኑ ይደግማል።

ይህ የቮልቴጅ ስሌት ግን ለሁሉም አይሠራም። በብዙ አዳዲስ መኪኖች ከካታሊቲክ ኮንቨርተሩ በፊት ያለው ሴንሰር መልእክቱን የሚልከው በከረንት መጠን ነው፤ በቮልት መለኪያ ብቻ አይፈረድበትም። ከኮንቨርተሩ በኋላ ያለው ሴንሰር ደግሞ ብዙ አለመዋዠቁ ጤንነቱ እንጂ ብልሽቱ አይደለም።

የሴንሰሩን ማሞቂያ ብልሽት የሚጠቁም እንደ ፒ0135 ያለ ኮድ ሲመጣ ፊውዙንና ሽቦውን ፈትሹ፤ እነሱ ደህና ከሆኑ ሴንሰሩን መቀየር ይገባል። ሥራው ቤት ይሠራል፦ ጭስ ማውጫው ይብረድ፣ ጥርሱ ላይ የዝገት ማላቀቂያ ይረጭ፣ ለሽቦው መግቢያ ክፍተት ባለው የ22 ቁልፍ ይፈታ። በአዲሱ ጥርስ ላይ የሚቀባው ቅባት ጫፉን እንዳይነካ፤ ሲሊኮን ማሸጊያም አጠገቡ አይድረስ፤ ትነቱ ፕላቲነሙን ይመርዘዋል።


ካንዴላውን፣ የአየር ቱቦዎቹንና የጭስ ማውጫውን መገጣጠሚያ ሳይፈትሽ ሴንሰር ለሚሸጥላችሁ ሰው ገንዘብ አትክፈሉ።