«አትጠጡ» የሚለው ቃል እንዳይቆረጥ፦ በቦኖ ውኃ ላይ ስለሚተከል የድምፅ ማስታወቂያ

በሰበካዎቻችን በሚገኙ የቦኖ ውኃ ማደያዎች የሚለጠፈው ጽሑፍ ፊደል ላልቈጠሩ ወገኖች፣ ዓይናቸው ለደከመ አረጋውያንና ማልደው ለሚቀዱ ሕፃናት መልእክቱን አያደርስም። ማጠራቀሚያው በክሎሪን በሚታጠብበት ቀን ደግሞ ይህ የጤና ጉዳይ ይሆናል። አዝራሩ ሲጫን የሚናገር አነስተኛ መሣሪያ ለማሠራት ለሚያስቡ ሰበካ ጉባኤያት አሠራሩን እንደሚከተለው እናብራራለን።

ለዚህ ሥራ የሚበቃው አይኤስዲ 1820 የተባለው የድምፅ መቅጃ ቺፕ ነው። የተቀዳው ድምፅ መብራት ቢጠፋም አይጠፋም። ለተራ አዝራር ቺፑ ብቻውን ይበቃል፤ እንደ አርዱዪኖ ያለ ማይክሮኮንትሮለር የሚያስፈልገው መልእክቱ በተወሰነ ሰዓት እንዲሰማ ወይም ሕፃናት አዝራሩን ደጋግመው ሲጫኑ ዝም እንዲል ሲፈለግ ነው። ያን ጊዜ የቺፑ «ፕሌይ ኢ» እግር ከማይክሮኮንትሮለሩ ጋር ይገናኛል፤ አጭር ምልክት ሲደርሰው መልእክቱን እስከ መጨረሻው ያሰማል። «ሬክ» የተባለው እግር ግን ምልክቱ እስካለ ድረስ ይቀዳል፣ የቀድሞውንም ይደመስሳል፤ ስለዚህ ማብሪያው በተቈለፈ ሣጥን ውስጥ ይሁን። ሁለቱ መሣሪያዎች በአንድ ዓይነት ቮልት ይሥሩ፣ ግራውንዳቸውም ይገናኝ። ከስፒከሩ ሁለት ሽቦዎች አንዱም ቢሆን ከግራውንድ ጋር መነካካት የለበትም።

የቀረጻው ርዝመት የሚወሰነው በአንድ ሬዚስተር ነው። 200 ኪሎ ኦም ሲሆን 20 ሰከንድ ይቀዳል፤ ነገር ግን ከ1,300 ኸርዝ በላይ ያለው ድምፅ ይቀራል። «ስ»፣ «ሽ» እና «ጽ» የሚታወቁት ከዚያ በላይ ባለው ድምፅ ስለሆነ ንግግሩ ከግድግዳ ጀርባ የመጣ ይመስላል። 80 ኪሎ ኦም ሲሆን ጊዜው 8 ሰከንድ ብቻ ነው፤ ድምፁ ግን እስከ 3,400 ኸርዝ ይደርሳል። እኛ 8 ሰከንዱን እንመርጣለን። ዲያቆናት ቃል ማስረዘም ልማዳችን ቢሆንም፣ እዚህ ላይ ማሳጠር ግድ ነው።

ጕርምርምታው በአብዛኛው የሚመጣው ከኀይል መስመሩ ነው። ማይክሮኮንትሮለሩ ኀይል የሚወስደው በንዝረት ስለሆነ፣ ከቺፑ የኀይል እግሮች አጠገብ አንድ ባለ 0.1 ማይክሮፋራድ ሴራሚክ ካፓሲተርና አንድ ባለ 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ይደረግ። የማይክሮፎኑና የማይክሮኮንትሮለሩ የግራውንድ ሽቦዎች እየተቀጣጠሉ አይሂዱ፤ ለየብቻ መጥተው በኀይል ምንጩ ላይ ይገናኙ። የማይክሮፎኑ ሽቦ አጭርና የተገመደ ይሁን። መሣሪያው በሶላር የሚሠራ ከሆነ፣ በቀረጻ ጊዜ ፓኔሉ ተነቅሎ በባትሪ ብቻ ይቀዳ፤ የኃይል መሙያው መቈጣጠሪያም ያጕረመርማልና።

ጕርምርምታው ከየት እንደመጣ ለመለየት ማይክሮኮንትሮለሩ ይነቀልና ቺፑ በሦስት የባትሪ ድንጋይ ብቻ ይሞከር። ድምፁ ከጠራ፣ የሚታረመው የኀይል መስመሩ ነው። ካልጠራ ግን ጕርምርምታው አብሮ ተቀድቷል፤ ምንም ካፓሲተር አያወጣውም፣ እንደገና መቅዳት ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ግን የመጀመሪያው ፊደል ነው። ማብሪያው እንደተነካ ወዲያው የተናገረ ሰው የመጀመሪያው ድምፅ ይቆረጥበታል። በአማርኛ ደግሞ ክልከላው የሚገኘው በቃሉ ራስ ላይ ነው፤ «አትጠጡ» ከተቆረጠ «ጠጡ» ሆኖ ይሰማል። ስለዚህ ተናጋሪው የቀረጻው መብራት ከበራ በኋላ አንድ ሰከንድ ይታገሥ፤ አፉንም ከማይክሮፎኑ አንድ ስንዝር ያርቅ። ክልከላው መልእክቱን አይጀምር፤ በሁለት አነጋገርም ይነገር፦ «ውኃው ዛሬ ክሎሪን አለበት፤ እስከ ነገ ጠዋት አትጠጡ፤ መጠጣት ክልክል ነው።»

መሣሪያው ከመተከሉ በፊት ጽሑፉን ያላየ አንድ ሰው፣ ቢቻል አረጋዊ፣ ውኃው እየፈሰሰ በቦኖው አጠገብ ቆሞ ያድምጥና የሰማውን ይድገም። አንድ ቃል እንኳ ከተሳሳተ ቀረጻው ይደገም። የተለጠፈው ጽሑፍም መስማት ለተሳናቸው ወገኖች ሲባል ከቦታው አይነሣ።